ቅጠል የሌለበት ቆጠራ

በሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ሥራዬ አንዲት ብሎን ጎድላብኝ አታውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልኩራራም ብዬ ነው። የያዝኩት የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ነበር፤ ከአራት ሺህ በላይ ዓይነት ዕቃ፣ ሁሉም በየመደርደሪያው፣ ሁሉም ካርድ ያለው። ሰው ገብቶ የፈለገውን ዕቃ ሲጠራልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰድጄ አወጣለት ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን ማንም መጥቶ ምንም የማይጠይቀኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ያኔ ነው ታላቅ እህቴ "ና፣ የኋላው ክፍል ባዶውን ነው፣ ብቻህን ግድግዳ ላይ ስታፈጥ ልትውል ነው?" ብላ ወደ ቤቷ ያስገባችኝ። በቤተሰባችን ውስጥ ስሜ ከድሮም "ቆጠራ" ነው። ስታቆላምጠኝም ቆጠራ፣ ስትቆጣኝም ቆጠራ ነበር የምትለኝ፤ ልዩነቱን የማውቀው በድምጿ ነው።

እትዬ ነው የምላት። ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሰው ናት፤ አሁን የምታስተዳድረው ግቢዋን ነው። ግቢዋ ውስጥ አበባ ብትፈልጉ አታገኙም። "አበባ ለሁለት ሳምንት ተሽሞንሙኖ ይረግፋል፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ምን ያያል?" ትላለች። የምትወደው ቅጠል ነው። ጠይም ሆኖ ጸሐይ ሲያርፍበት የሚቀላ ቅጠል አላት። ነጭ ወረቀት ላይ በአረንጓዴ እርሳስ የተሰመረበት የሚመስልም አላት። ደግሞ ሕጻን ልጅ ሊጠለልበት የሚችል ሰፊ ቅጠል አለ። ሁሉም አንዴ ከተተከሉ ከዓመት ዓመት ከዚያው ሥራቸው የሚመለሱ ናቸው፤ በየዓመቱ ዘር ግዙልን አይሉም። አሥራ አንድ ዓይነት ናቸው።

ስማቸውን ግን መጽሐፍ ላይ ብትፈልጉት የለም። እትዬ ተክሎቿን የምትጠራው በሰጣት ሰው ነው። አናጢው የሰጣት "አናጢው" ይባላል፤ ልብስ ሰፊዋ የሰጠቻት "ልብስ ሰፊዋ" ትባላለች። ሾፌሩ አለ፣ የጥርስ ሐኪሙ አለ፣ ጎረቤታችን አለ፣ አዋላጇ አለች። ስማቸው በትንንሽ እንጨት ላይ በማይለቅ ቀለም ተጽፎ አጠገባቸው ይተከላል። በጠዋት ተነስታ "ዛሬ አናጢውን እቆርጠዋለሁ፣ በጣም ተስፋፋ" ስትል የሰማ አዲስ ጎረቤት አጥሩን ዞሮ ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም አንዷ የተለየች ናት። እንጨቷ ላይ "እማዬ" ይላል። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ አለው፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሰው ብዕሩን አራግፎበት እንደሄደ ቀይ ቀይ ጠብታ ተረጭቶበታል። እናታችን አርፋ ቤቷ ሲሸጥ ዕቃው ለዘመድ ተከፋፈለ፣ ፎቶዎቹ በጎርፍ ጠፉ። እትዬ ከደጃፉ የዚህችን ተክል ሥር ቆፍራ በሻርፗ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ይሄ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከናታችን እጅ የቀረን ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

የእትዬ ልጅ በሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እትዬ ልታርሳት ሻንጣዋን አዘጋጀች። "ሦስት ወር ብቆይ ነው። ግቢውን አደራ" አለችኝ።

"አታስቢ፣ ልክ እንደ መጋዘኔ ነው የምይዘው" አልኳት።

አሁን ሳስበው፣ ያን እንዳልኩ ሻንጣዋን መልሳ መፍታት ነበረባት።

በሄደች በአምስተኛው ሳምንት ዝናቡ ቆመ፣ ነፋሱም ደረቅ ሆነ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ቢጫ ሆነች። ቀጥሎ አናጢው ከወገቡ ታጠፈ። ደነገጥኩና ጠዋትና ማታ ማጠጣት ጀመርኩ፤ ባጠጣኋቸው ቁጥር ባሰባቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢው ላይ የቀረው በባዶ መሬት የተገተሩት ስም የተጻፈባቸው እንጨቶች ብቻ ሆኑ። መቃብር ቦታ መሰለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። እህቴን ምን ልላት ነው?

አንድ ጠዋት አላስችል ብሎኝ በአካፋ አንዱን ቆፈርኩት። ከሥር ጠንካራ፣ ጤነኛ፣ እንደ ድንች ድብልብል ያለ ሥር ወጣ። ሌላውንም ቆፈርኩ፣ እሱም ደህና ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ! ሰው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ "እሰይ" ብሎ አፈሩን መልሶ ይሄድ ነበር። እኔ ግን የመጋዘን ሰው ነኝ። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ የማይታይ ከሆነ ምን ይደረጋል? ቆጠራ ይካሄዳል።

ሁሉንም አወጣኋቸው። ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ አንድ በአንድ በውሃ አጠብኳቸው፣ በብሩሽ ፈተግኳቸው፣ በጨርቅ አደረቅኳቸው። ከዚያ መጋዘን ውስጥ እንደሚደረገው በመጠን ለየኋቸው፦ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። በሦስት ካርቶን ከትቼ በየካርቶኑ ላይ ብዛታቸውን ጻፍኩ። እማዬን ጨምሮ በጠቅላላው አርባ ሰባት። እንጨቶቹንም አጥቤ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ በላስቲክ አስሬ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያማረ ሥራ የሠራሁ አልመሰለኝም።

እማዬን ግን ከሌሎቹ ጋር ልቀላቅላት ሆዴ አልቻለም። እሷን በጥርስ ብሩሽ ነው ያጸዳኋት። ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ አፉን አጥብቄ አሰርኩ፤ ነፍሳት እንዳይገቡ ብዬ በሌላ ከረጢት ደገምኩ፤ እንጨቷን ከታሰሩት መዝዤ ከላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ከዚያም የጡረታ ሰነዴን የማስቀምጥበት የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ማታ ላይ እጄን ያሳክከኝ ጀመር። ከእጄ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ከንፈሬ። ሁለት ቀን ሙሉ ስታከክ ሰነበትኩ። ሳሙናው ይሆናል ብዬ ሳሙና ቀየርኩ።

በሳምንቱ እትዬ ደወለች። ሕጻኑ ከኋላ ያለቅሳል፣ እሷ ደግሞ ከሱ በላይ ትጮኻለች።

"ቅጠላቸው ወርዶ አለቀ አይደል?"

"አለቀ።"

"ጎሽ፣ የእረፍታቸው ጊዜ ነው። በየዓመቱ እንደዚያ ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ራሳቸው ይነሳሉ። ምንም እንዳታደርጋቸው። ውሃም አይፈልጉም። እንጨቶቹ ብቻ እንዳይነቀሉብኝ ተጠንቀቅ።"

"አንዱ... ድንገት ቢነቀልስ?"

"አትቀልድ! ቅጠል የሌለውን ተክል በምን እለየዋለሁ? ማን እንደሰጠኝ ካላወቅሁማ ምኑን ተክል ሆነ፣ ያው ጎመን ማለት ነው። ደግሞ እማዬ አለች። እሷ ብትጠፋብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ቆጠራ። ሌላ ምን አለኝ?"

"እማዬ በደህና ቦታ ናት" አልኩ።

"መሬት ውስጥ አይደለች እንዴ፣ የት ትሄዳለች?" ብላ ሳቀች። በስድስት ሳምንት እንደምትመለስም ነገረችኝ።

ስልኩ ሲዘጋ መሳቢያውን ከፍቼ በላስቲክ የታሰሩትን እንጨቶች አየሁ። አርባ ሰባት ሥር፣ አንድም ቅጠል የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ብሎን ያልጎደለብኝ ሰው የእህቴን ወዳጆች በሙሉ አንድ ላይ ቀላቅያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሥሩ ይልቅ የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። እህቴ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕይወት ያለው ነገር ለኔ ትታልኝ ነበር የሄደችው። "አይ ቆጠራ፣ እሱ ከብረት ጋር ነው የሚስማማው" እንድትል አልፈለግሁም።

ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። እንጨቶቹ ላይ ያለው የሰው ስም አይደለም እንዴ? ሰዎቹ አሉ። ተክሉም በየቤታቸው ይኖራል። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው አናጢው ነበር። ሱቁ መንገዳችን ጥግ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ ቅንድቡ ላይ አለ። ሦስቱን ካርቶን ተሸክሜ ስገባ መዶሻውን አስቀመጠ።

"ምን ጉድ ነው? ድንች መነገድ ጀመርክ?"

ነገሩን ነገርኩት። መሳቅ ጀመረና ማቆም አቃተው። ሲጨርስ ረዘም ረዘም ያሉትን፣ እንደ ጣት ቋጠሮ ያላቸውን ሥሮች ለይቶ በመጋዝ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። "ቅጠሉን ካጣህ ዓይኑን እይ" አለኝ። "ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ቡቃያው የሚወጣበት። የኔ ቅጠሉ ጠይም ስለሆነ ዓይኑም ሐምራዊ ነው። ዓይኑ አረንጓዴ ከሆነ የኔ አይደለም፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለው የሾፌሩ ነው።"

ተጎንብሼ አየሁ። እውነቱን ነው! ልክ እንዳለው፣ አንዱ ጫፉ ላይ የወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ ሌላው አረንጓዴ ነው። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ደስታ የሰጠኝ መለያ ቁጥር ያለው የመኪና ዕቃ ብቻ ነበር። በአንድ ጠዋት አሥራ ሦስት ሥር ለየሁ።

"እስኪተከሉ ድረስ በምን ነው ያስቀመጥካቸው?" አለኝ አናጢው።

"እነዚህን በካርቶን። የናቴን ግን በደንብ ነው የያዝኳት፣ በሁለት ፕላስቲክ ከረጢት።"

ሳቁ ጠፋ። "አፉን አስረህ?"

"አጥብቄ።"

"አንተ ሰው፣ ሥር'ኮ ይተነፍሳል! እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ይበሰብሳል። ሂድ፣ ቶሎ ሂድና ክፈተው።" በማዳበሪያ ከረጢት ሰጋቱራ ሞልቶ እየሰጠኝ "ደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ አስተኛት" አለኝ። ሰጋቱራውን ተሸክሜ በመንገዱ ሮጥኩ፤ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ሰው እያየኝ ሮጥኩ።

ቁም ሳጥኑን ስከፍት ሽታው ነገረኝ። ከረጢቱን ፈታሁት። ጥቁር ውሃና የሚሟሟ ነገር ብቻ ነበር። በጣቴ ነካሁት፣ ጣቴ አለፈበት። ጠንካራ ቦታ ይኖረው ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ዳሰስኩት። አልነበረም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሌሎቹን እንደ ነገሩ የያዝኳቸው ሁሉ ደህና ሆነው፣ አብዝቼ የወደድኳትን ብቻ አፍኜ ገደልኳት። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር፣ እንደምነግራትም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ሆኖም አርባ ስድስት ቀርተዋል፤ እነሱ ሀዘኔን አይጠብቁም። በማግስቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ሱቋ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ ካመጣኋቸው ክብ ክቦቹን ሥሮች እያገላበጠች አየችና፣ "ጋሼ፣ እነዚህን በባዶ እጅዎ ነው ያጠቧቸው?" አለችኝ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ከንፈርዎ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። "የዚህ ዓይነቱ ጭማቂ ያሳክካል'ኮ። ጓንት ያድርጉ እንጂ! ሳሙና አልቀየሩም አይደል?"

ከንፈሬን በመሐረቤ ሸፈንኩ።

ክቦቹን በዓይናቸው መለየት እንደማይቻል ነገረችኝ። "እኔም አልለያቸውም። ግን አያስቡ። ዝርግ ሳጥን ውስጥ እርጥብ አሸዋ ያድርጉና ዓይናቸውን ወደ ላይ አርገው ያስቀምጧቸው፤ ጸሐይ የሚያሞቀው መስኮት አጠገብ። ቡቃያው ጣት ሲያክል ግንዱን ይዩት። የኔ ግንዱ ነጣ ያለ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ከታች ጀምሮ ቀይ ነው። ጠቃጠቆ ያለባቸውም አሉ። ቅጠሉ ሳይወጣ ግንዱ ይናገራል።"

ቤት ገብቼ ሁለት የድሮ መሳቢያዎችን አሸዋ ሞላሁ፣ ሥሮቹን ደረደርኩ። ለእያንዳንዳቸው ካርድ አዘጋጀሁላቸው፦ የመጣበት ካርቶን፣ የዓይን ቀለም፣ የበቀለበት ቀን፣ የግንድ ቀለም። በየጠዋቱ መነጽሬን አድርጌ እየተዘዋወርኩ እመዘግብ ነበር። መጀመሪያ ለሦስት ቀን ምንም የለም። ስድስቱን ዓይናቸውን ወደ ታች አድርጌ እንደቀበርኳቸው ያወቅሁት በአሥረኛው ቀን ነው፤ ገለበጥኳቸው፣ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ከሰው ጋር ሳይሆን ከሥር ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። አንድ ጠዋት የመጀመሪያዋ ነጭ ጫፍ አሸዋውን ሰንጥቃ ወጥታ ሳያት "ልብስ ሰፊዋ መጣች!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

እትዬ ከደወለች በአምስተኛው ሳምንት ከሞላ ጎደል ሁሉም በየስማቸው ተለይተዋል። አልለይ ያሉት አራት ሥሮች ብቻ ናቸው፤ የተረፈው እንጨት ደግሞ "አዋላጇ" የሚለው ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሳላረጋግጥ መመዝገብ አልወድም። አራቱን በጨርቅ ቋጥሬ ሄድኩ።

አዋላጇ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ጡረታ ብትወጣም ሠፈሩ አሁንም "አዋላጇ" ነው የሚላት። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። አንዱን ሥር ተቀበለችኝና በጥፍሯ ፋቀች፣ ወደ አፍንጫዬም አስጠጋችው። የዝንጅብል ሽታ አለው።

"የኔ ነው። የሚሸተው ይሄ ብቻ ነው" አለች። "ለመለየት ይሄን ያህል መንገድ መጣህ? በጥፍርህ ብትፍቀው ይበቃህ ነበር።"

"እማማ፣ እኔ በጥፍር የምለየው ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም" አልኳት። ሳቀችና ወደ በረንዳዋ አስገባችኝ። በረንዳዋ በመስታወት የተዘጋ፣ ሞቅ ያለ ነው። ጥግ ላይ በአሮጌ ቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አንድ ተክል ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። የልብ ቅርጽ። አረንጓዴ። ቀይ ጠብታ የተረጨበት።

"ይሄ... ይሄ ከየት መጣ?"

"ከናትህ ነዋ!" አለች፣ በጣም ተራ ነገር እንደጠየቅኳት ሆና። "የእህትህን ልጅ ያዋለድኩ ቀን። ሕጻኗን አጥቤ ጠቅልዬ ስሰጣት፣ እናትህ ወደ ቤቷ ሮጣ ሄዳ ይሄን በቆርቆሮው ይዛው መጣች። ቆርቆሮውን እንኳን አልቀየርኩትም። ቤት ውስጥ ስለሚሞቀው ከሌሎቹ ቀድሞ ነው የሚነቃው። ለእህትህ ግን እሱን አልሰጠኋትም፣ የራሷ አላት ብዬ ነው የሚሸተውን የሰጠኋት።"

ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ሽታው። ከዚያ ከኩሽና ማንኪያ አመጣችና ከቆርቆሮው ጎን ቆፍራ፣ ሁለት ቅጠል ያለው ቡቃያ ከነሥሩ ነቅላ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ።

"ቦታዋ ላይ ትከለው፣ እንጨቱንም አቁምለት። ያው እሱ ነው፣ ካንድ ሥር የተቆረጠ። ለእህትህ መንገር የግድ አይደለም። ማን ያውቅብሃል?"

መንገዱን ሙሉ ያን ሳመነዥግ ሄድኩ። ማን ያውቅብኛል? በእርግጥ ማንም። ዝናቡም በዚያው ሳምንት ጀመረ። ሁሉንም በየቦታቸው ተከልኩ፣ እንጨቶቹን ከየአጠገባቸው አቆምኩ። አዲሱን ቡቃያ እማዬ በነበረችበት ቦታ ተከልኩና "እማዬ" የሚለውን እንጨት ከጎኑ አቆምኩ። በጣም ያምር ነበር። በየጠዋቱ እየሄድኩ ሳየው ግን አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ ዓይኔን ከእንጨቱ ላይ አዞራለሁ።

እትዬ ቅዳሜ ዕለት ደረሰች። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ ግቢው ገባች። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ተከተልኳት። ልክ እንደ ድሮው የቆጠራ ተቆጣጣሪ ካንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፣ ትጎነበሳለች፣ ትነካካለች።

"ልብስ ሰፊዋ፣ ደህና። አናጢው፣ ደህና። አዋላጇ... እንዴት ጥሩ ቡቃያ!" ከዚያ ቆመች። "ቆይ እስቲ። ይሄ ቀይ ግንድ ያለው የጥርስ ሐኪሙ ነው። እዚህ ምን ያደርጋል? ይሄ'ኮ የጎረቤታችን ቦታ ነው።" ዞር ብላ አየችኝ። "ቆጠራ፣ ተክል በእግሩ ይሄዳል እንዴ?"

አሥሩን ዓይነት ስለይ ሁለቱን አቀያይሬያቸው ኖሯል! ጉዴ ፈላ። ምንም መሸሻ ስላልነበረኝ ሁሉንም ነገርኳት፦ ቆጠራውን፣ ትልቅ መካከለኛ ትንሹን፣ በላስቲክ የታሰሩትን እንጨቶች፣ ከንፈሬን። እትዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ነው። "በመጠን! በመጠን ለያቸው!" እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጥጉ ዞረች። "እማዬን ግን አልነካሃትም፣ ተባረክ። እይ፣ ቀድማቸው ቅጠል አወጣች" አለችና በጣቷ አንዱን ቀይ ጠብታ ዳሰሰችው።

ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ግን የኔ አልነበረም፣ እንደሰረቅሁት ሆኖ ተሰማኝ።

"እትዬ፣ እሷ አይደለችም" አልኩ። "እማዬን በፕላስቲክ አፍኜ አበሰበስኳት። ይሄ ከአዋላጇ ቤት የመጣ ነው። ከእማዬ የተቆረጠ ነው፣ ግን ያቺ አይደለችም።"

ሳቋ ቆመ። ከዚያ "እማዬ" የሚለውን እንጨት ነቀለችው፣ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችው፣ ይዛው ወደ ቤት ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ማዕዱን አስቀምጣልኝ ትሄዳለች፣ የሕጻኑን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ትሄዳለች፤ ቃል ግን የለም። ሁለተኛው ቀን ላይ ዝም ብዬ ራሴን ነቅንቄ ቢሆን ኖሮ አልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወደ ሌላ ቤት ልሂድ ይሆን ብዬ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ በመጠን ለይቼ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከግቢው ድምጿ ተሰማ። "ቆጠራ!" የቁጣው ቆጠራ ይሁን የቁልምጫው መለየት አልቻልኩም። ወጣሁ። አዲሱ ቡቃያ አጠገብ ቁጭ ብላለች፣ እጇ ላይ አዲስ እንጨትና ቀለም አለ።

"ሦስት ቀን እማዬ ብትኖር ምን ትልህ ነበር ብዬ ሳስብ ነው የቆየሁት" አለችኝ።

"ምን ትለኝ ነበር?"

"'አንተ ጅል፣ ፕላስቲክ ውስጥ ምን ከተተህ?' ትልህና ምሳህን ታቀርብልህ ነበር። በአንድ ደቂቃ ነበር የሚበርድላት። እኔ እሷ አይደለሁም፣ ሦስት ቀን ወሰደብኝ።" እንጨቱን አቀበለችኝ። "ያዝልኝ፣ ልጻፍበት።"

ያዝኩላት። በትልልቁ ጻፈችና እንዳየው አዞረችልኝ። "ቆጠራ" ይላል።

"እትዬ፣ ይሄ'ኮ የእማዬ ነው" አልኳት።

"የእማዬማ ነው። እማዬ ለአዋላጇ ሰጠቻት፣ አዋላጇ ላንተ ሰጠችህ። ለኔ ያመጣልኝስ ማነው? በሰጠኝ ሰው ነው የምጠራው፣ ሕጉን ታውቃለህ። ከናትህም ከኔም ቤት ስንት ዘመን ስትወስድ ኖረህ፣ አንድ ነገር ያመጣህልኝ ዛሬ ነው።"

እንጨቱን አፈሩ ውስጥ ተከልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየመደርደሪያው ላይ ስም ስጽፍ ኖሬ፣ የራሴን ስም የትም ቦታ ለጥፌ አላውቅም ነበር። አሁን መሬት ላይ ቆሞ፣ አጠገቡ ሁለት ቅጠል አቅፎ ሳየው እንባዬ መጣ። እትዬ እንድታየኝ ስላልፈለግሁ ማጠጫውን አንስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፣ ሞልቼም ተመለስኩ።

"አታብዛ!" ብላ ጮኸችብኝ። "ቆጠራ ገና ለጋ ነው!"